በቁጣ የተጾመ ሁዳዴ

የእናቴን ነጠላ ላጥብ ውኃ ውስጥ ስነክረው ጫፉ ላይ ያለ ቋጠሮ እጄን ቆረቆረኝ። ሳንቲም ቋጥራ የረሳች መስሎኝ ፈታሁት። ሳንቲም አይደለም፤ የደም ግፊት መድኃኒቷ ነው። በየጠዋቱ በእጄ ሰጥቻት፣ ወደ አፏ ስትወስደው አይቼ፣ "ዋጥሽው?" ብያት "አዎ" ያለችኝ ኪኒን ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። አንዳንዱ በላብ ሟሙቶ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል።

እጄን እንኳ ሳላደርቅ ገባሁ። እናቴ፣ የብርጓል፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ከመሸንቲ ባሕር ዳር እኔ ቤት የመጣችው ሐኪም አጠገብ እንድትሆን ለምኜ፣ ተጣልቼ፣ አልጋዋን ጭምር አስጭኜ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃ ሰዎች በባጃጅ አመጡልኝ። ሐኪሙ ግፊቷን ለካና መለኪያውን ስላላመነው ደግሞ ለካ። "መድኃኒቱን በሥርዓቱ ትወስዳለች?" ሲለኝ "በእጄ ነው የምሰጣት" ብዬ ተኩራራሁ። እንግዲያው መድኃኒቱ አልበቃትም ብሎ ሌላ ጨመረላት። በዚህ ከቀጠለች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ እንደሚችልም ነገረኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት እርጥቡን ነጠላ ፊቷ ዘርግቼ።

አየችው። አልደነገጠችም። "ጾም አይደል" አለች።

"ኪኒን ምግብ ነው?"

"ያለ ውኃ ይዋጣል? ውኃ ከቀመስሁ ጾሙ ምን ቀረው? የማታውንማ እውጠዋለሁ።"

"ለታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት አጥተሽው ነው?"

"አላጣሁትም። እኔ ግን ስለት አለብኝ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ልጾም፣ ቅዳሴ ላልቀር ተስያለሁ። የተሳልሁትን የነፍስ አባቴ ካልፈቱኝ እኔ ልፈታው አልችልም።"

ለምን እንደተሳለች ጠየቅኋት። ስለት ነው አለችና ዘጋችው። የነፍስ አባቷ መምሬ ቃለ ሕይወት ሱባዔ ገብተዋል፤ ሐይቁ መሀል ካሉት ገዳማት በአንዱ፣ ያውም ሴት እግሯን በማታሳርፍበት ደሴት። ስልክ አይዙም። የሚመለሱት ለፋሲካ ነው።

"ለፋሲካ አንቺ ትኖሪያለሽ?" አልኳት።

"እሱ ያውቃል" አለች እናቴ፣ መቁጠሪያዋን ካቆመችበት እየቀጠለች።

ይህን ቃል ልነግራችሁ በማልችለው መጠን እጠላዋለሁ። ሀኒ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ገና መዳህ ጀምራ ነበር። ሳንባ ምች ያዛትና ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "እሱ ያውቃል" ብሎኝ፣ ንፍሮውን ዘግኖ ወጣ። የሚያውቅ ከሆነ ምን እንደሚያውቅ ለምን አይነግረኝም? አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ "ለበጎ ነው" አለችኝ። ያቺን ሴት ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አልላትም፤ ወደፊትም አልላትም።

ባሌ አዘዘ ሥራው ቆጋ መስኖ ላይ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያ ከስንዴና ከድንች ጋር ያሳልፋል። ድንች አያጽናናውም፤ ዕድለኛ ነው። እኔ ግን ኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ከፀሐይወርቅ ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ነው የምውለው። ፀሐይወርቅ ጥሩ ሰው ናት፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ተሳድቤ እገላገላት ነበር። በየጠዋቱ በቴሌግራም ጽጌረዳ ያለበት ጥቅስ ትልክልኛለች፤ ከሥሩ "መልካም ቀን" የሚል። ልጄን ቀብሬ በተመለስኩ ማግስትም ጽጌረዳው በሰዓቱ ደርሷል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ጾም ተውኩ። ስሙን መጥራትም ተውኩ። እሱ ዝም ካለኝ እኔም ዝም እለዋለሁ ብዬ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ቱሪስት ከጠፋ ስለቆየ ጀልባ ነጂዎቹ ዛፍ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። ሰላህ የሚባለው፣ ቤተሰቦቹ ወረታ የሚነግዱ፣ ጨዋታውን ትቶ ተነሣ። የምሄድበትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ እዚያ እኮ ሴት አይወጣም።"

"አልወጣም። ጀልባው ላይ ቆሜ ነው የምጮኸው።"

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ ሳቁን ዋጠና ሞተሩን አስነሣ። የተጠየቅሁትን ዋጋ እሺ አልኩ፤ ለክርክር የቀረ ጉልበት አልነበረኝም፣ ያለኝን ለመምሬ ነበር የያዝኩት።

መንገድ ላይ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የነሱም ረመዳን ስለሆነ ከንፈሩ ደርቋል።

"በኛም እኮ የታመመ አይጾምም" አለ። "ሲሻለው ይከፍለዋል፣ ካልተሻለው ድሃ ያበላል።"

"በኛም አይገደድም። እናቴ ግን ከሃይማኖቱ በላይ ናት።"

"የኔዋም ያው ናት። ስኳሯን ይዛ ትጾማለች። ተዪ ስንላት ታኮርፈናለች፤ ስታኮርፍ ደግሞ ስኳሯ ይብስባታል።"

 ፔሊካኖቹ ውኃው ላይ ተኮልኩለዋል። ሐይቁ እንዲህ አምሮ መዋሉ ራሱ አናደደኝ።

ደሴቱ ጋ ስንደርስ ሰላህ ጀልባውን ድንጋይ ላይ አሰረና መምሬን ሊጠራልኝ ሽቅብ ወጣ። እኔ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። የምናገረውን በሆዴ እየደረደርኩ፣ መልሼም እያከፋሁት ጠበቅሁ። መምሬ ቃለ ሕይወት እኔን ያጠመቁ፣ ሀኒንም የቀበሩ ሰው ናቸው። ከሰላህ ኋላ ሲወርዱ መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ ጾሙ አክስቷቸው ጥምጣማቸው ጆሯቸው ላይ ወርዷል።

"የብርጓል አረፈች?" አሉ ገና ውኃው ዳር ሳይደርሱ። በሁዳዴ እስከዚያ ፍለጋ የሚመጣ ሰው መርዶ እንጂ ሌላ አይዝም መሰለኝ።

"አላረፈችም። እርስዎ ግን ሊገድሏት ነው" አልኳቸው።

ሰላህ ገመዱን ይዞ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ጆሮው ግን ከኛ ጋር ነበር። ስለ ነጠላው ነገርኳቸው፣ ስለ ሐኪሙ ነገርኳቸው። ጀልባው ሲወዛወዝ እኔም አብሬ እየተወዛወዝኩ ነው የምጮኸው። ከዚያ ሳላስበው ስለ ሀኒ ጀመርኩ።

"ያኔ አይዞሽ ብለውኝ ወደ ቤትዎ ሄዱ። አይዞሽ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚይዘኝ? አሁን ደግሞ እናቴን በጾም ልትወስዱብኝ ነው። ልጄን ሰጠሁ፣ አልበቃችሁም?"

መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። በመካከላችን ውኃ ስላለ ልሳለም ብል እንኳ አልደርስበትም፤ ልሳለምም አልፈለግሁም። ትንሽ ዘርግተው ቆዩና ወደ ደረታቸው መለሱት።

"መድኃኒት እንደምትወስድ አልነገረችኝም" አሉ። "ስለቷን ነግራኛለች። በሽታሽስ ስላት 'በርትቻለሁ፣ ድኛለሁ አባ' አለችኝ።" ድምፃቸው እየጨመረ መጣ። "ይቺ ሴት በኔ ላይ ትቀልዳለች እንዴ? ነፍሷን የሰጣት እሱ፣ እሷ ነፍሷን አቃጥላ ስለት አደረስሁ ልትል?"

ሲቆጡ ሳያቸው የኔ ቁጣ የሚያርፍበት አጣ። ልጣላቸው መጥቼ ጠቡን ተካፈሉኝ።

"ስልክሽ ድምፅ ይቀዳል?" አሉኝ። ይቀዳል አልኩ። ሰላህ ስልኩን ከኔ ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ ዘለለና ወደ አፋቸው ያዘላቸው።

"ወለተ ጻድቅ፣ እኔ ነኝ" ብለው በክርስትና ስሟ ጀመሩ። "አዝኜብሻለሁ። መድኃኒትሽን ጠዋትም ማታም በውኃ ትውጫለሽ። ይህን የምልሽ በምክር አይደለም፣ በግዝት ነው። ውኃ ሳይቀመስ የሚለውን ስለትሽን ከላይሽ አንሥቻለሁ።" ከዚያ ቀረጻውን በእጅ ምልክት አስቁመው ወደኔ ዞሩ። "ስለት ግን ሜዳ ላይ አይጣልም፣ አደይ። ቀሪውን ሁዳዴ የሚሸከምላት ያስፈልጋል። ማን ይጹምላት?"

"እኔ ጾም ትቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"አዘዘ ይጹምላት።"

"አዘዘ አማቿ ነው። ከሆዷ የወጣ ነው የምፈልግ። ሌላ ልጅ አላት?"

እንደሌላት ያውቃሉ። ወንድሞቼን ሁለቱንም እሳቸው ናቸው የቀበሩ።   ሰላህ ስልኩን እንደያዘ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያል።

"እጾማለሁ" አልኩ በመጨረሻ። "ግን ተቆጥቼ ነው የምጾመው። አምኜ እንዳይመስልዎት።"

"ተቆጥተሽ ጹሚው። ቅዳሴም አለበት። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጁ ላይ ትቆሚያለሽ። ቁጣሽን ቤት አስቀምጪ አላልሁሽም፤ ይዘሽው ሂጂ።"

"ስለቷ ለምንድን ነው?"

"እሱን ከአፏ ስሚው" አሉና የቀረውን ቃል ለስልኩ ተናገሩ፤ ልጇ እንደምትጾምላት፣ እሷም እንድትቀበል። ሲጨርሱ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቶሎ ዞሩ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቤት ደርሼ ድምፁን ከፈትኩላት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እሳቸው ፊቷ የቆሙ ያህል ተነሥታ ሰማች። የግዝቱ ቃል ላይ ሲደርሱ ዐይኗን ጨፈነች። መጨረሻውን ድጋሚ እንድከፍትላት ጠየቀችኝና ከፈትኩላት።

"አንቺ ነሽ የምትጾሚልኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ቅዳሴውንስ?"

"እሱንም።"

ፊቷ በራ። ሀኒ ከተወለደች ቀን ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየሁትም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

"አሁን ንገሪኛ። ስለቱ ምንድን ነው?"

"አንቺ ነሽ" አለች። "ልጄ አደይ ደጅህን ትርገጥ፣ በክፉም ይሁን በደግ አፏን ከፍታ ታናግርህ ብዬ ነው የተሳልሁ። ልጅ ሲሞት ሰው ይጮኻል፣ ፊቱን ይነጫል። አንቺ ዝም አልሽ። ዝምታሽ ነው ያስፈራኝ እንጂ በሽታዬስ አያስፈራኝም።"

 መምሬ ያውቁ ነበር። ከሆዷ የወጣ ሲሉኝ ያውቁ ነበር። አልሄድም ብል ኪኒኑ ወደ ነጠላው ጫፍ ይመለሳል፤ ከሄድኩ ደግሞ ስለቱ ሰመረ ማለት ነው። አንድ የሚያኮርፍ ሰው ለማስታረቅ አንዲት አሮጊትና አንድ ቄስ ሐይቅ ላይ ወጥመድ ዘርግተው ያዙኝ።

"ማን ለመነሽ?" ጮህኩባት። "ለኔ ብለሽ ራስሽን ልትገይ ነው? በሀኒ ላይ አንቺን ጨምረሽልኝ ያኔ ላናግረው ነው? ይሄ ነው እናትነት?"

"አትጩሂ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

"ይስማ። ሌላ የምትሳይው ነገር አጣሽ? ጃንጥላ አትሳይም? ሻማ አትሳይም እንደ ሰው?"

"ላንቺ ጃንጥላ?" አለች እናቴ፤ አሁን እሷም ተቆጣች። "መሬቱን ከሸጥሁት ቆየሁ፣ ወርቅ የለኝ፣ ከብት የለኝ። ያለኝ ሆዴ ነው፤ እሱን አስራብሁት። ከዚህ የከበረ ነገር ቢኖረኝ እሱን እሰጥ ነበር።"

 ግቢ ወጥቼ ነጠላውን ደግሜ አጠብኩት። ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን ሰጠኋት። ውኃውን ስትጠጣ አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ከዚያ ተመልሳ አፏን ከፈተችና ምላሷን አንሥታ እንደ ሕፃን አሳየችኝ። አልሳቅሁም። ምንም ሳልቀምስ ሥራ ገባሁ። ከረፋድ ጀምሮ ራሴን ይወጋኝ ጀመር፤ ተማሪ የትራንስክሪፕት ጥያቄ ይዞ በመስኮቱ ብቅ ባለ ቁጥር እቆጣለሁ። ወደ እኩለ ቀን ለፀሐይወርቅ የምሄድበት እንዳለኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፋሲካ በየቀኑ እንደምወጣ ነገርኳት። የት ትሄጃለሽ ብትለኝ ልጣላት ተዘጋጅቼ ነበር።

"ሂጂ። መስኮቱን እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ። ጥቅስ አልጨመረችበትም። ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበችና የኔን ወረፋ ጠራች። 

ቤተ ክርስቲያኑ ከሐይቁ ዳር ብዙ አይርቅም። እናቴ ቀድማኝ መጥታ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ ደጁ ላይ ቁሚ ነው የተባልሁት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሆዴ ይጮኻል። ዙሪያዬ ያለው ሕዝብ ሲሰግድ እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ ነበር። እንዲህ ቆሜ እወጣለሁ፣ አንድ ቃል አይሰማም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ስለቱ አፏን ትክፈት ስለሚል አልከፍተውም። እልኬን ይዤው ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ከፊቴ አንዲት ሴት ያዘለችው ሕፃን ዞሮ አየኝ። ሳቀልኝ። የወጡለት ሁለት ጥርስ ብቻ ናቸው።

ይኸው መጣሁ አልኩት፣ ያን ሁለት ዓመት ዝም ያልኩትን። በፈቃዴ እንዳይመስልህ፤ አሮጊት ይዘህብኝ ነው። ሀኒ ምን አድርጋህ ነው? ሁሉም ሰው ምክንያቱን ነገረኝ፤ ጎረቤት ነገረኝ፣ ለቀስተኛ ነገረኝ፣ ያልነገርኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ያን ሳምንት ሙሉ ስለምንህ የት ነበርህ? ታውቃለህ ይሉኛል። ሌሊት ስታቃስት ያቀፍኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ያየሁትን አይተሃል? ካየህ እንዴት ቻልህ? በሆዴ የጀመርኩት በከንፈሬ ሆነ፤ እጄንም ሳላወራጭ አልቀረሁም፣ ምክንያቱም ጎኔ የቆሙት ሽማግሌ ትንሽ ቦታ ለቀቁልኝ። እናቴን እንዳትነካት አልኩት። የቀረችኝ እሷ ናት። እሷን ብትነካት አልምርህም፣ ሰምተሃል?

መልስ አልመጣም። ካህናቱ ዜማቸውን ቀጠሉ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ወደቀ። እኔ ግን ፊቴ በእንባ ርሶ፣ ባዶ ቦታን እንዲህ አድርጎ የሚቆጣ ሰው እንደሌለ ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት የለም ብዬ አልነበረም። መኖሩን ስለማውቅ ነበር የተናደድኩት። ያ ራሱ ደግሞ እንደገና አናደደኝ፤ ግን ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ቀለለ። ለማንም ሳልናገር የተሸከምኩትን ለባለቤቱ ነው የተናገርኩት።

ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ በኩባያ ጠበል ይዛ መጣች። በእጇ አጠጣችኝ፤ ጾሜን በሱ ፈታሁ።

"ስታወሪ አየሁሽ" አለች።

"ሰደብሁት።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ኩባያውን አራግፋ ትንሽ አሰበች። "ጨረስሽ?"

"አልጨረስሁም።"

"እንግዲያ ነገም እንመጣለን" አለችና ክንዴን ተደግፋ መንገድ ጀመርን።